ጋሽ ደምሴ ያልፈረሙበት ወረቀት

የጋሽ ደምሴን ሞት የሰማሁት ከጎፋ ወደ መካኒሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። ከፊቴ ከተቀመጡት ሁለት ሴቶች አንዷ፣ «ያ የሂሳብ ሰውዬ፣ ለሽማግሌዎቹ የሚያስቡት፣ ትናንት አረፉ አሉ» አለች። ሌላዋ ደረቷን መታ መታ አድርጋ፣ «ወይኔ! እንደሳቸው ያለ ሰው አሁን የት ይገኛል?» አለች። እኔ «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩ። የወረድኩበት ቦታ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። መንገድ ዳር ቆሜ አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅሁ፤ እንባ አልመጣም። ከሳቸው ጋር ቃል ሳንለዋወጥ ሁለት ዓመት አልፎን ነበር። ቀብራቸውም ላይ አልተገኘሁም።

ድንኳኑ ውስጥ ስለሳቸው የተባለውን ሁሉ ሳልሰማ አውቀዋለሁ። አብዛኛው እውነት ነው። ገንዘብ በላ የሚላቸው ሰው ቢመጣ እኔ ራሴ እሟገተዋለሁ፤ በእጃቸው አንድ ብር ጎድሎ አያውቅም። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ቢሯቸው መካኒሳ፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። የሰፈሩን ጋራዦች፣ ፋርማሲዎች፣ ልብስ ሰፊዎችና የግንባታ ዕቃ መደብሮች ሂሳብ እየሠሩ ዓመታዊ ግብራቸውን ያሳውቁላቸዋል። ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነበሩ። ሙቀትም ሆነ ብርድ ኮትና ክራቫታቸው አይለያቸውም። ከመፈረማቸው በፊት መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ይጠርጉና ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እንደገና ያነቡታል፤ ራሳቸው የጻፉት እንኳ ቢሆን። እኔ ስቸኩል፣ «የምፈርመው እኔ ነኝ እንጂ እስክሪብቶው አይደለም» ይሉኛል።

አንድ ጊዜ አንድ ባለ ሥጋ ቤት፣ ከሁሉም የቆየ ደንበኛቸው፣ የዓመቱ ሽያጭ የተጻፈበት ቦታ ላይ ጣቱን አድርጎ፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ይቺን ትንሽ ዝቅ ብናደርጋትስ? ማን ያያል?» አላቸው።

«እኔ አየሁት እኮ» አሉት።

ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሳቸው ፋይሉን ዘግተው በሁለት እጃቸው አቀበሉትና ወደ ሌላ ሥራ ዞሩ። ሰውየው ተቆጥቶ ወጣ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ምንም እንዳልተፈጠረ ወንበር ስበው አስቀመጡት። እኔ ያን ቀን በሆዴ፣ እንደዚህ ሰው እሆናለሁ ብዬ ነበር።

ሰፈሩ የሚያስታውሳቸው ግን በሌላ ነገር ነው። የግብሩ ሥራ ሲያልቅ ለደንበኛው በሚሰጡት ማጠቃለያ ወረቀት ግርጌ በእጃቸው አንድ መስመር ያሰምሩና ከፊቱ፣ «ለሰፈራችን አረጋውያን በፈቃዴ የምጨምረው» ብለው ይጽፋሉ። የመንግሥት ቅጽ ላይ ያለ ነገር አይደለም፤ የራሳቸው ሐሳብ ነው። ሰው ግብሩን ሲያስብ ስለራሱ ብቻ አስቦ እንዳይነሳ ብለው ነው የጀመሩት። ደንበኛው የፈለገውን ይጽፍበታል፤ ካልፈለገ ባዶውን ይተወዋል። የጻፈውን ራሱ ሄዶ በእድሩ የባንክ ሂሳብ ያስገባል። እድሩ ደግሞ ጧሪ ለሌላቸው አሮጊቶችና ሽማግሌዎች በየወሩ ያከፋፍላል። መራመድ ለማይችሉት ቤታቸው ድረስ የሚያደርሰው የኛ ቢሮ ነበር፤ ማለትም እኔ።

በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ሀብታም ነጋዴ መስመሩን ባዶ ትቶ ሊነሳ ሲል፣ «ጋሼ፣ እነዚህ እናቶች እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። ጋሽ ደምሴ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አስቆሙኝ። ሰውየው ከወጣ በኋላም ፊታቸው አልተፈታም።

«አንድ ጊዜ ጠየቅነው። ሁለተኛ ከጠየቅነው ፈቃዱ የሱ መሆኑ ይቀራል» አሉኝ። «ሰው ደግ እንዲሆን ተብሎ አይገፋም፤ አይታለልም።»

አይታለልም ያሉት እሳቸው ናቸው። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

በየወሩ ከማደርስላቸው ሰዎች አንዷ ሀና ማርያም የምትኖረው እማማ አስካለ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ፈትላ የኖረች፣ ባሏ የሞተባት፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሁለት ክፍል ቤት ያላት ሴት ናት። «አንቱ አትበይኝ፣ አስረጀሽኝ» ብላኝ አንቺ ነበር የምላት። አንድ ልጇ ብሩክ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ቆይቷል። የሷን ፖስታ መጀመሪያ ሲሰጡኝ ጋሽ ደምሴ እንዲህ አሉኝ፦

«ይሄ ከእድሩ አይደለም። ልጇ በአንድ ወዳጁ በኩል ለኔ ይልካል። ልጅሽ ልኮልሻል ብለሽ ስጫት።»

አመንኩ። እሳቸውን ያላመንኩ ማንን ላምን ነው? ብሯን ስሰጣት ሳታየው ትራሷ ሥር ትከተውና ወዲያው ጥያቄ ትጀምራለች። «ምን አለ? ድምፁ እንዴት ነው? ለምን ለኔ አይደውልም?» ጥያቄዋን ይዤ ቢሮ እመለሳለሁ። እሳቸው መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «ደህና ነው፤ ሥራ በዝቶበት ነው በያት» ይሉኛል። ሌላ ጊዜ፣ «ቁጥሩ ይቀያየራል በያት»፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ «ብርድ አሞት ነበር፣ ተሽሎታል በያት።» ፊቷ ሲበራ ሳይ እኔም እጨምርበት ጀመር። «ናፍቃኛለች ብሏል» አልኳት አንድ ቀን። ይሄን ማንም አላለኝም፤ ከራሴ ነው።

ብርድ እንዳመመው ከሰማች በኋላ ዓይኗ እየደከመ ራሷ ፈትላ፣ ሸማኔ ዘንድ አሠርታ፣ ጋቢ ሰጠችኝ። «ብሩን ለሚልክበት ሰው ስጡልኝ፤ ልጄ ይልበሰው።» በሚቀጥለው ዓመት ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሦስቱንም ለጋሽ ደምሴ አስረከብኩ።

እማማ አስካለ ብቻዋን አልነበረችም። ከጎን ባለችው ክፍል ጫልቱ ትኖር ነበር። የጫልቱ ቤተሰቦች እዚያው አካባቢ አራሾች ነበሩ፤ እርሻው ቤት በቤት ሲሆን ወንድሞቿ ተበተኑ፣ እሷ የእማማ ተከራይ ሆነች። ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብላ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። እማማ እግሯ ሲይዛት የኪራዩ ነገር ተረሳ። የምታጥባት፣ የምታበላት፣ ጤና ጣቢያ ታክሲ እስኪገኝ በጀርባዋ የምትሸከማት ጫልቱ ነበረች። «አዴ» ነበር የምትላት፤ እናቴ እንደማለት ነው። እማማም በፊቴ ስንት ጊዜ፣ «ይቺ ቤት የጫልቱ ናት። እኔ ስሞት የት ትወድቃለች?» ብላለች።

በስድስተኛው ዓመት እማማ ክፉኛ ታመመች። ትንሽ ቀና ስትል ኑዛዜ ልናዘዝ አለች። እኔ ፖስታውን ይዤ በሄድኩበት ቀን ነው ሐሳቧን የነገረችኝ።

«ቤቱን ለብሩኬ ነው የማደርገው። ስድስት ዓመት አንድ ወር ሳይዘል እናቱን የጦረ ልጅ እያለኝ ለባዳ ላውርስ? እግዚአብሔርስ ምን ይለኛል?»

ጫልቱ እግሯን የምታጥብበትን ሳፋ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰምታለች። ውሃውን ደፍታ ተመልሳ የእማማን እግር በፎጣ አደረቀች።

ለምስክርነት እማማ መጀመሪያ የጠራችው ጋሽ ደምሴን ነው። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ግን፣ «ዛሬ አልተመቸኝም። መታወቂያሽን ይዘሽ በኔ ፈንታ አንቺ ሂጂ» አሉኝ። ሄድኩ። ለሰፈሩ ሰው ማመልከቻና ውል የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ያዘጋጀውን ኑዛዜ ጮክ ብሎ አነበበልን፦ «ልጄ ብሩክ ላለፉት ስድስት ዓመታት በየወሩ ገንዘብ እየላከ ስለጦረኝ፣ ይህንን ቤት ለእርሱ ብቻ ተናዝዣለሁ።» አራት ምስክሮች ነበርን፤ እኔ ሦስተኛዋ ነበርኩ። ፈረምኩ። ሻይ አፍልታ ለምስክሮቹ ያቀረበችው ጫልቱ ናት።

ከዚያ ነሐሴ ገባ፤ የግብር ሰሞን፣ ቢሮው በሰው የሚጨናነቅበት። አንድ የድሮ ፋይል ፍለጋ የብረቱን ቁምሳጥን የታችኛውን መሳቢያ ስከፍት ከወረቀቶቹ ኋላ አንድ ትልቅ ፌስታል አገኘሁ። ሦስት ጋቢዎች። በሥርዓት ታጥፈዋል፣ ብል እንዳይበላቸውም መድኃኒት ተጨምሮባቸዋል። ለረጅም ጊዜ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። የመጀመሪያውን ጥለት አስታወስኩት፤ እማማ ሰማያዊ ይሁን ብላ ከሸማኔው ጋር ስትጨቃጨቅ እኔም እዚያ ነበርኩ።

ደንበኞቹ እስኪወጡ ጠብቄ ፌስታሉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። ጋሽ ደምሴ አዩት። አልደነገጡም፤ የደከማቸው መሰሉ።

«ልጁ ልኮ አያውቅም?» አልኩ።

«አያውቅም።»

«አንድም ጊዜ?»

«ያለበትን አላውቅም፣ ማህሌት። ማንም አያውቅም።»

ከዚያ አጀማመሩን ነገሩኝ። ብሩ ሁልጊዜም የእድሩ ነበር፤ መጀመሪያ ይዘው የሄዱት ራሳቸው ናቸው። እማማ ፖስታውን መልሳ ደረታቸው ላይ ወርውራ፣ «እኔ የወለድኩ ሴት ነኝ! ልጅ እያለኝ ምጽዋት አልበላም!» አለቻቸው። ቤቱ ውስጥ እሳት የነደደበት ምልክት አልነበረም። «ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው» አሉኝ። «ልጅዎ ነው የላከው አልኳት። ፊቷን ብታዪው ኖሮ አንቺም ትደግሚው ነበር።»

«ደግሜዋለሁ እኮ፣ ጋሼ! ስድስት ዓመት ሙሉ ደግሜዋለሁ!»

እስከዚህ ድረስ ይቅር ልላቸው እችል ነበር ብዬ አስባለሁ። ርቦት ምግብ ለማይቀበል ሰው የተነገረ ቃል ነው። ግን ኑዛዜው ትዝ አለኝ።

«የዚያን ቀን ለምን ቀሩ? ለምን አልፈረሙም?»

ጋሽ ደምሴ ቀና ብለው አዩኝ። የተገረሙ ይመስላሉ፤ ይሄን የመሰለ ጥያቄ ከኔ አልጠበቁም።

«ውሸት መሆኑን እያወቅኩ እንዴት እፈርማለሁ?»

«እኔን ግን አስፈረሙኝ።»

«አንቺ አላወቅሽም ነበር። ላንቺ እውነት ነበር።»

ይሄንን ያሉት በለሆሳስ ነው፣ የሂሳብ ስህተቴን ሲያርሙኝ በሚናገሩበት ድምፅ። ጭካኔ አልነበረበትም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ስሜን ዝም ብዬ በየወረቀቱ ግርጌ እንዳላስቀምጥ፣ አንብቤ እንድፈርም ያስተማሩኝ ሰው፣ የራሳቸው ፊርማ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ የኔን ላኩ። ሲልኩኝ መታወቂያዬን እንዳልረሳ እንኳ አስታውሰውኛል።

«ይሂዱና ይንገሯት» አልኳቸው። «ኑዛዜውን ትለውጠው። ጫልቱ ልትወጣ ነው እኮ!»

«ከነገርኳት ልጇን ነው የምወስድባት። አሁን፣ በዚህ ሰዓት? ለሁለት ክፍል ቤት ብዬ?»

«ለጫልቱ ብለው!»

ሌላ ደንበኛ በሩን አንኳኳ፤ «ይግቡ» አሉት።

በማግሥቱ እኔ ልነግራት ሄድኩ። እማማ አስካለ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ ጫልቱ ከኋላዋ ተቀምጣ ፀጉሯን ታበጥርላት ነበር። ገና በሩን ስገፋ እማማ አንገቷን አሰገገች።

«ማህሌቴ! ብሩኬ ደወለ?»

አፌን ከፈትኩ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ከየት እንደምጀምር ሁሉ አውቄ ነበር። ጫልቱ ማበጠሪያውን ይዛ ጠበቀችኝ፤ ሁለቱም ፊታቸው ወደኔ ነው።

«ደህና ነው፣ እማማ» አልኩ። «ሰላም በይልኝ ብሏል።»

እስከዚያ ቀን ድረስ የተናገርኩት የሰው ውሸት ነበር። ይቺኛዋ የኔ ናት።

ጋቢዎቹን ካገኘሁ በአሥራ ሰባተኛው ቀን እማማ ሞተች። የሰፈር ልጆች ብሩክን በፌስቡክ አፈላልገው አገኙት፤ ድንኳኑ ሳይነሳ ደረሰ። ዕድሜው አርባን ያለፈ፣ ወፍራም፣ ዓይኑ ያበጠ ሰውዬ። ለቀስተኛው በተራ እየመጣ ትከሻውን ይዞ፣ «እናቱን የጦረ፣ የተባረከ» ሲለው ግራ ገብቶት ያቀረቅራል። ኋላ ወደ ጓሮ ጠራኝ።

«እህቴ፣ ሰዎቹ የሚሉት ምንድን ነው? እኔ እኮ… ከሄድኩ ጀምሮ ምንም አልላክሁም። ነገር ተበላሽቶብኝ፣ አፍሬ ጠፍቼ ነበር።»

ነገርኩት። ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ኑዛዜው ሲነበብ ተቀበለው፤ ዕዳ አለብኝ አለ፣ ቤቱንም ገዢ ሲያገኝ ሸጠው። ጫልቱን ዕቃዋን እስክትሰበስብ ጊዜ ሰጣት፤ እሷም አመሰገነችው።

ለጫልቱም የነገርኳት እኔ ነኝ። መሸጫዋ ቦታ ሄጄ፣ ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። ቲማቲሟን እየለየች ሰማችኝ።

«አንቺ መቼ አወቅሽ?» አለችኝ።

«ከመሞቷ አሥራ ሰባት ቀን በፊት።»

የበሰበሰ ቲማቲም አንስታ ወደ ጎን አስቀመጠች።

«አሥራ ሰባት ቀን ብዙ ነው» አለች።

በዚያው ሳምንት ሥራዬን ለቀቅሁ። ጋሽ ደምሴ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አንብበው ፈረሙ። ለጫልቱ ከእድሩ አንድ ነገር እንዲደረግላት ሐሳብ አቀረቡ፤ ገና ጉልበት ያላት ሴት ናት፣ አረጋዊ አይደለችም ተባለ። እሳቸውም ደንቡ እንደዚያ ስለሚል አልተከራከሩም።

ጫልቱ የወጣች ቀን ዕቃ ላግዛት ሄጄ ነበር። እሺም እምቢም አላለችኝም፤ አንዱን ካርቶን ገፋ አደረገችልኝ። የቀጠረችው ጋሪ ውጭ ቆሟል። እንጨት አልጋዋን ልናወጣ ስንል ጋሽ ደምሴ ግቢው ውስጥ ገቡ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው።

«እንደምን አደርሽ፣ ጫልቱ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

አንድ ነገር ተዘጋጅተው የመጡ ይመስለኛል፤ ግን ቀድማቸው የተናገረችው እሷ ናት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በየወሩ ልጅሽ ላከልሽ ሲያስብሏት፣ የምታጥብሽ ጫልቱ ናት፣ እሷንም አስቢያት ብለዋት ያውቃሉ? አንድ ቀን እንኳ?»

ሰበብ ይሰጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ስለ እናት አንጀት፣ ስለ ክብር፣ ስለ ረሃብ የሚሉት ነገር አይጠፋቸውም ነበር።

«አንቺን አላሰብኩሽም» አሉ።

ጫልቱ ራሷን ነቀነቀች። ወደ አልጋው ስትዞር እሳቸው ለማገዝ ጎንበስ አሉ።

«ይተዉት ጋሼ» አለቻቸው፤ በቁጣ አልነበረም። እኔና እሷ በራስጌና በግርጌ ይዘን አነሳነው። በሩ ጠባብ ስለነበር ጋሽ ደምሴ እንድናልፍ ወደ ግድግዳው ተጠጉልን።